«ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ የት እንጠቀምበት፣ የት እንተወው?

ሳባ_ማታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ «ጌት» ላይ ነው፤ የግቢውን በር ሳይሆን ግሱን ማለቴ ነው። መዝገበ ቃላት ስገልጥ «አገኘ» ይልና ከሥሩ ሌላ አንድ ገጽ ትርጉም ይደረድራል። የሥራ ማመልከቻ እየጻፍኩ ስለሆነ እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች እዩልኝ። እንግሊዝኛውን በመድረኩ ልማድ በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

1. አይ ጎት ማይ ዲግሪ ኢን 2010።
2. አይ ጎት ዩር ኢሜይል የስተርዴይ።
3. አይ ዲድንት ጎት ኤኒ ሪፕላይ።
4. አይ ዋንት ቱ ጌት አን አካውንታንት።
5. አይ ጎት ታየርድ፣ ሶ አይ ካንት ካም ቱዴይ። (ይሄኛው ለጓደኛ የተላከ ነው)

የትኛው ስህተት ነው? የትኛውስ ልክ ሆኖ ለቢሮ የማይመጥን ነው? ሁለቱን ለይታችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጥቁር ሰሌዳ፦

እህቴ ሳባ፣ ለይተሽ መጠየቅሽ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ደባልቆ «ጌት መጥፎ ቃል ነው» ብሎ ይደመድማል።

ከ3ኛው ልጀምር። እሱ የትም ቦታ ስህተት ነው። «ዲድ» ያለፈውን ጊዜ ስለተሸከመ ዋናው ግስ ወደ መነሻው መመለስ አለበት፦ «አይ ዲድንት ጌት ኤኒ ሪፕላይ»። ጥያቄም ሲሆን «ዲድ ዩ ጌት ማይ ሜሴጅ?» ነው። «ዲድ ዩ ጎት» የሚባል ነገር የለም።

4ኛው በሰዋስው በኩል ምንም አልጎደለውም፤ ያልፈለግሽውን ነው የሚናገረው። አንባቢው «የሒሳብ ባለሙያ ማግኘት እፈልጋለሁ»፣ ማለትም መቅጠር ፈልጋለች ብሎ ይረዳዋል። «ጌት» «ሆነ» የሚል ትርጉም የሚይዘው ቅጽል ሲከተለው ነው፦ ጌት ታየርድ፣ ጌት አንግሪ፣ ጌት ኮልድ። ስም ሲከተለው ወደ «አገኘ፣ አመጣ፣ ጠራ» ይዞራል። «ጌት ኤ ዶክተር!» እያለ የሚጮህ ሰው ሐኪም ጥሩልኝ ነው የሚለው። ሙያ ላይ «ቢካም» ትጠቀሚያለሽ፦ «አይ ዋንት ቱ ቢካም አን አካውንታንት»።

5ኛው ላይ ቆም እንበል፤ የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚወድቅባት ጉድጓድ እዚህ ናት። እኛ «ደከመኝ፣ ራበኝ፣ በረደኝ፣ ጠማኝ» ስንል የግሱ ቅርጽ ያለፈ ነው፤ ስሜቱ ግን አሁን ነው። «ራበኝ» ያለ ልጅ ምሳ ይሰጠዋል እንጂ «መቼ ነበር?» ተብሎ አይጠየቅም። ያንን ቅርጽ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «አይ ጎት ሃንግሪ» ይሆንና ሰሚው ያለቀ ታሪክ እየሰማ ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦

«አይም ታየርድ» አሁን ደክሞኛል።
«አይም ጌቲንግ ታየርድ» እየደከመኝ ነው፣ ገና አልጨረሰኝም።
«አይ ጎት ታየርድ» ያኔ፣ በዚያ ሰዓት ደከመኝ።

ስለዚህ ለጓደኛሽ «አይም ታየርድ፣ ሶ አይ ካንት ካም ቱዴይ» ብለሽ ላኪ። «አይ ጎት ታየርድ፣ ሶ አይ ዌንት ሆም» ግን ፍጹም ልክ ነው፤ ድካሙም መሄዱም ያለፉ ናቸው።

1ኛውና 2ኛው ልክ ናቸው፤ ለማመልከቻ ግን ለስላሳ ናቸው። «አይ ሪሲቭድ ማይ ዲግሪ» ወይም «አይ ኧርንድ ማይ ዲግሪ» የተሻለ ነው። ደግሞ 2010 ያልሽው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ቀይሪው፤ ሐምሌ 2010 የውጭ ቀጣሪ ዘንድ ጁላይ 2018 ነው። እንዳለ ከተውሽው የስምንት ዓመት ልምድ የት እንደገባ ሲፈልጉ ይውላሉ።

ለኢሜይል መልስ ስትጽፊ ደግሞ «አይ ሪሲቭድ ዩር ኢሜይል» ብሎ መጀመርም ግድ አይደለም። መልስ እየሰጠሽ ከሆነ መድረሱ ግልጽ ነው፤ «ታንክ ዩ ፎር ዩር ኢሜይል» ብሎ ወደ ጉዳዩ መግባት ይበቃል።

ፊደል ቆጣሪ፦

መምህር በደንብ አስረድተዋል። እኔ ግን ለተማሪ አጭር ሕግ ይሻላል ባይ ነኝ፦ መደበኛ ጽሑፍ ላይ «ጌት» ካየህ ሰርዝ። ለነገር «ኦብቴይን»፣ ለሁኔታ «ቢካም»፣ ለቦታ «አራይቭ» አስገባ፤ በቃ። ማሰብ ሳያስፈልግ ይሠራል።

ቃል ለቃል፦

ወንድሜ፣ «ማሰብ ሳያስፈልግ» ያልካት ናት ችግር የምታመጣው። በዚህ ሕግ የተጻፉ ደብዳቤዎች ለትርጉም ሥራ በየቀኑ ይመጣሉ፤ «ዊ ኦብቴይንድ ዩር ሌተር» ይላሉ። «ኦብቴይን» ጠይቆ፣ ተከታትሎ፣ ደጅ ጠንቶ ማግኘት ነው። ፈቃድ፣ ቪዛ፣ ማስረጃ፣ መረጃ «ኦብቴይን» ይደረጋል። ሰው በገዛ እጁ የላከልህን ደብዳቤ «ኦብቴይንድ» ስትለው ከመዝገብ ቤት በዘዴ ያወጣኸው ያስመስልብሃል። የአማርኛውን ግስ መጀመሪያ ብትጠይቀው ይነግርሃል፦

«ደረሰኝ» ከሆነ ሪሲቭ። ደብዳቤ፣ ክፍያ፣ ጥሪ።
«አወጣሁ» ከሆነ ኦብቴይን። ንግድ ፈቃድ አወጣሁ፣ ፓስፖርት አወጣሁ እንደምንለው።
«ሠርቼ አገኘሁ» ከሆነ ኧርን። ደሞዝ፣ ዲግሪ፣ አክብሮት።
«አካበትኩ» ከሆነ አኳየር። ልምድና ክህሎት በጊዜ ብዛት የሚመጡ ስለሆኑ «ጎት ኤክስፒሪየንስ» ከማለት «አኳየርድ» ወይም «ጌንድ» ይሻላል።

«አራይቭ»ም ቢሆን ብቻውን አይቆምም። ከተማና አገር ላይ «አራይቭ ኢን»፣ ሕንፃና ጣቢያ ላይ «አራይቭ አት» ነው። «አራይቭ ቱ» የለም። «ሪች» ደግሞ ምንም መስተዋድድ አይፈልግም፤ «ዊ ሪችድ ሐዋሳ አት ኑን» ይባላል እንጂ «ሪችድ ቱ ሐዋሳ» አይባልም። «ጌት»ን ሸሽቶ «ሪችድ ቱ» ላይ መውደቅ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

እና ደግሞ፣ መደበኛ ማለት «ጌት» የሌለበት ማለት አይደለም። «ዊ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ ባይ ፍራይዴይ» የሚል የባንክ ወይም የድርጅት ኢሜይል ስንት ጊዜ ደርሶህ ይሆናል፤ ማንም አይቀየምበትም። ፍርድ ቤት፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ወይም ኤምባሲ ስትጽፍ ነው «ሪስፖንድ» የሚሻለው።

ፊደል ቆጣሪ፦

ደብዳቤውን ተቀብያለሁ፤ «ሪሲቭድ» ብዬ። ግን አንድ ነገር ላይ አልለቅም፦ «ጎት ዳሜጅድ»፣ «ጎት ካንስልድ» ዓይነቱ ሪፖርት ላይ አያምርም።

ቃል ለቃል፦

እሱ ላይ አንከራከርም። «ዘ ብሪጅ ጎት ዳሜጅድ» ሻይ ቤት ነው፣ «ዘ ብሪጅ ዎዝ ዳሜጅድ» ሪፖርት ነው። በንግግር ግን ይሄ የ«ጌት» ተገብሮ ከ«ዎዝ» የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ድንገት የመጣ ወይም የነካህ ነገር ላይ ይቀናዋል፦ ጎት ሮብድ (ተዘረፈ)፣ ጎት ፋየርድ (ተባረረ)፣ ጎት ስታክ፣ ጎት ፔይድ። ድርጊት በሌለበት፣ የማወቅና የመውደድ ዓይነት ግስ ላይ አይገባም፦ «ሂ ጎት ላይክድ ባይ ኤቭሪዋን» ጆሮ ይቆረቁራል፤ «ኤቭሪዋን ላይክድ ሂም» በል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ከዚሁ አጠገብ የምትገኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» በእንግሊዝኛ ምንድነው? ሥራ ቦታ «አይ ከት ማይ ሄር» ሲባል ፈረንጆቹ «ራስህ?» ብለው ይስቃሉ። «መኪናዬን አሠራሁ»ም ያው ነው። እዚህ «ጌት» አለ መሰለኝ፤ ቃላቱ እንዴት እንደሚደረደሩ ግን አይያዝልኝም።

ጥቁር ሰሌዳ፦

ትክክለኛ ቦታ ነው የነካኸው። አማርኛ ይሄን ሥራ በግሱ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ «አሠራሁ፣ አሰፋሁ፣ አስተረጎምኩ» ስንል ሌላ ሰው እንደሠራው ይታወቃል፤ «ተቆረጥኩ፣ ፎቶ ተነሣሁ» ስንልም እንዲሁ። እንግሊዝኛው ውስጥ «ሪፔርድ» ካልክ ቱታ ለብሰህ ከመኪናው ሥር የገባኸው አንተ ነህ። ሌላ ሰው መሥራቱን ለመናገር «ጌት» ወይም «ሃቭ» ይመጣል፤ አደራደሩ እንዲህ ነው፦

ጌት + ዕቃው + የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ።

አይ ጎት ማይ ሄር ከት። አይ ጎት ማይ ካር ሪፔርድ። አይ ኒድ ቱ ጌት ማይ ፎቶ ቴክን።

ዕቃው መሐል ላይ ነው፤ እዚያው መቅረት አለበት። ቦታውን ካዛወርከው ትርጉሙ ይገለበጣል፤ በተለይ «ሃቭ» ላይ። እስኪ እነዚህን አያይዘህ እያቸው፦

«አይ ሃድ ማይ ሰርቲፊኬትስ ትራንስሌትድ።» የትምህርት ማስረጃዬን አስተረጎምኩ።
«አይ ሃድ ትራንስሌትድ ማይ ሰርቲፊኬትስ።» ማስረጃዬን ራሴ ቀደም ብዬ ተርጉሜው ነበር።

ቃላቱ አንድ ናቸው፣ አንዱ ብቻ ነው የዘለለው። ኤምባሲ ፊት ሁለተኛውን ከጻፍክ «ሕጋዊ ተርጓሚ ነህ ወይ?» መባል ይመጣል። ለደብዳቤ «ሃቭ»ን፣ ለወሬ «ጌት»ን ውሰድ፤ ትርጉማቸው እዚህ ላይ አንድ ነው።

ሰው ሲገባበት ደግሞ ሁለቱ ይለያያሉ። «ጌት» «ቱ» ይፈልጋል፦ «አይ ጎት ዘ ማናጀር ቱ ሳይን»። «ሃቭ» አይፈልግም፦ «አይ ሃድ ዘ ማናጀር ሳይን»። የመጀመሪያው ለምኜም አግባብቼም አስፈረምኩት የሚል ቃና አለው። ሁለተኛው የሥራ ድርሻው ስለሆነ እንዲፈርም አደረግኩ ነው። «ሜድ ሂም ሳይን» ካልክ ግን አስገድደኸዋል። «ጎት ሂም ሳይን» ያለ «ቱ» ስህተት ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። «ትራንስሌትድ» የምትዘልበት ምሳሌ ግልጽ አደረገልኝ። አንድ ልጨምር፦ እዚህ አሜሪካ «ጎትን» ይላሉ። ይሄ ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው ወይስ የሰፈር?

ቃል ለቃል፦

ትክክለኛ ነው፤ እንዲያውም ከ«ጎት» የሚያንስ ዕድሜ የለውም። እንግሊዞች በአብዛኛው ትተውት አሜሪካኖቹ ያቆዩት ሦስተኛ ቅርጽ ነው። «ፎርጎትን» ውስጥ ግን ሁለቱም አገር ሳይነካ ተቀምጧል። እንግሊዝ «ሂ ሃዝ ጎት በተር»፣ አሜሪካ «ሂ ሃዝ ጎትን በተር»።

አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ትርጉማቸው ግን ይለያል፤ እዚህ ነው መጠንቀቅ፦

«አይቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ።
«አይቭ ጎትን ኤ ካር» መኪና አግኝቻለሁ፣ ገዝቻለሁ።

«አለኝ» ለማለት «ጎትን» አይገባም። «አይቭ ጎትን ቱ ብራዘርስ» ካልክ ወንድሞችን ከየት እንደገዛሃቸው ይጠይቁሃል። «አለብኝ» ሲሆንም «ጎት» ብቻ ነው፦ «አይቭ ጎት ቱ ጎ»።

«ሃቭ ጎት» ለአሁን ጊዜ ብቻ ነው። «መኪና ነበረኝ» «አይ ሃድ ኤ ካር» ነው፣ «ይኖረኛል» «አይ ዊል ሃቭ»። ደብዳቤ ላይ ደግሞ «ሃቭ» ብቻውን ይበቃል፤ «አይ ሃቭ ፋይቭ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» ውስጥ «ጎት» ምን ሊሠራ ይገባል?

ጆሮህን እንዲለምደው ያህል፦ አሜሪካኖች «ጎት»ን «ጋት» ነው የሚሉት፣ «ጌት ኢት» ደግሞ አፋቸው ውስጥ «ጌዲት» ይሆናል፣ «ጎት ቱ» «ጋዳ»። በአናባቢዎች መሐል ያለችው ታቸው ወደ ዳ ትላላለች። አጻጻፉን በዚያ አትቀይር፤ ለአለቃ «ጋዳ» ብሎ መጻፍ አይመከርም።

ሳባ_ማታ፦

እዚህ ላይ «አይ ጎት ቱ ጎ ቱ ላሊበላ» የሚል አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። ላሊበላ መሄድ አለብኝ ነው? ወይስ ሄድኩ?

ጥቁር ሰሌዳ፦

ሄድኩ፣ ያውም ዕድሉን አግኝቼ። «ጌት ቱ» ከግስ ጋር «ዕድል አገኘ፣ ተሳካለት» ማለት ነው፦ «ዊ ጎት ቱ ሲ ዘ ቸርቺስ»። «አለብኝ» የሚለው በትክክል ሲጻፍ «አይቭ ጎት ቱ ጎ» ነው፤ በፈጣን ንግግር «ቭ»ዋ ስትዋጥ «አይ ጎት ቱ ጎ» ይመስላል። ጽሑፍ ላይ ቭዋን ከጣልሽ ሁለቱ ይደበላለቃሉ። መደበኛ ከሆነ «አይ ሃቭ ቱ» ወይም «አይ መስት» ብለሽ ተገላገዪ፤ ዕድሉን ለመናገር ደግሞ «አይ ሃድ ዘ ኦፖርቹኒቲ ቱ ቪዚት»።

አራት_ኪሎ_ማዶ፦

ስለ «ዩዝድ ቱ» ማንም አላነሳም። «አይ ጌት ዩዝድ ቱ ዌክ አፕ ኧርሊ» ትክክል ነው?

ጥቁር ሰሌዳ፦

አይደለም፤ ሁለት ነገር ነው የተጋጨው። «ጌት ዩዝድ ቱ» መልመድ ነው፤ «ቱ»ዋ እዚያ ውስጥ መስተዋድድ ስለሆነች ስም ወይም አይኤንጂ ያለው ግስ ትፈልጋለች፦ «አይ ጎት ዩዝድ ቱ ዌኪንግ አፕ ኧርሊ»። «ዩዝድ ቱ» ያለ «ጌት» ግን «ድሮ አደርግ ነበር» ነው፤ መነሻ ግስ ይከተለዋል፦ «አይ ዩዝድ ቱ ዌክ አፕ ኧርሊ»፣ ድሮ በማለዳ እነሣ ነበር፣ አሁን ትቻለሁ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ከ«ቱ» በኋላ «ዘ ኖይዝ» የሚል ስም አስገባ። «አይ ጎት ዩዝድ ቱ ዘ ኖይዝ» ይሄዳል፣ ስለዚህ አይኤንጂም ይሄዳል። «አይ ዩዝድ ቱ ዘ ኖይዝ» አይሄድም።

አሁን «ለመድኩት» ለማለት «አይም ዩዝድ ቱ ኢት» ነው። «አይም ጌቲንግ ዩዝድ ቱ ኢት» እየለመድኩት ነው። ያው የደከመኝ ነገር እዚህም አለ፤ ቅርጹን ሳይሆን ሰዓቱን ተከተል።

ዱባይ_ነኝ፦

እናንተ ስለ ደብዳቤ ታወራላችሁ፤ እኛ ቤት ውስጥ የምንሰማው «ጌት» ሌላ ነው። «ጌት ዘ ዶር» ሲሉ በሩን አምጪ ማለት ነው እንዴ? ለአዲስ መጪ እህቶች ብታብራሩላቸው ጥሩ ነው።

ቃል ለቃል፦

ጥሩ አነሳሽው። ያ «ጌት» ትዕዛዝ ነው፤ ሄዶ ማምጣት ወይም ማስተናገድ።

«ጌት ዘ ዶር» አንድ ሰው አንኳኩቷል፣ ክፈቺ። ዕቃ የተሸከመ ሰው ቢለውም በሩን ያዢልኝ ነው።
«ጌት ዘ ፎን» ስልኩን አንሺ።
«ጌት ዘ ኪድስ» ልጆቹን ሄደሽ አምጪ። «ጌት ዘ ኪድስ ሬዲ» ከሆነ ግን ማምጣት የለም፤ አልብሰሽ አዘጋጂያቸው። አንዲት «ሬዲ» ሥራውን ሁሉ ቀየረችው።
«ጌት ሪድ ኦፍ ዚስ» አስወግጂው፣ ጣይው። «ጌት»ን ብቻ ሰምታ ዕቃውን የምታመጣ ስላለች ይሄ በተለይ ይነገራቸው። ካልተሰማ «ስሮው ኢት አዌይ?» ብሎ መጠየቅ ያድናል።

አንቺ ስትጠይቂ ደግሞ «ኩድ ዩ ጌት ሚ ሰም ዋተር፣ ፕሊዝ?» ነው፤ «ሚ» ከ«ጌት» ቀጥሎ። ወይም «ጌት ሰም ዋተር ፎር ሚ»። «ጌት ቱ ሚ» አትበዪ፤ «ኢት ጌትስ ቱ ሚ» ማለት ያናድደኛል፣ ያበግነኛል ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ሆስፒታል ላይ ለሚያስተረጉሙም አንድ ቃል በሉ። «ያዞረኛል» ምን ይባላል?

ቃል ለቃል፦

ሐኪሙ የሚፈልገው መቼና ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው፤ ግሱ ያንን መሸከም አለበት።

«አይ ጌት ዲዚ» ያዞረኛል፣ እየመላለሰ። «አይ ጌት ዲዚ ዌን አይ ስታንድ አፕ» ብትል ስነሣ ያዞረኛል ነው፤ ይሄ ሐኪሙን በቀጥታ ወደ ደም ግፊትና ወደ መድኃኒትህ ዓይነት ይመራዋል።
«አይ ጎት ዲዚ» አንድ ቀን፣ ያኔ አዞረኝ።
«አይ ፊል ዲዚ» አሁን እዚህ ወንበር ላይ።

ራስ ምታትም እንዲሁ ነው። «አይ ጌት ሄደክስ» ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ንግግር ነው፣ «አይ ሃቭ ኤ ሄደክ» አሁን ያመመው። «ያመኛል»ን ሁልጊዜ «አይ ሃቭ» እያልክ ከተረጎምክ የስድስት ወር ሕመም የዛሬ ሕመም ሆኖ መዝገብ ላይ ይገባል።

ፊደል ቆጣሪ፦

ለአይኤልትስ፣ ለእንግሊዝኛ ችሎታው ፈተና፣ የሚዘጋጁስ? እዚያ «ጌት» መቀጣት የለበትም?

ጥቁር ሰሌዳ፦

ለየትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ይወስነዋል። ፈተናው ጄኔራልና አካዳሚክ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ የጄኔራሉ የመጀመሪያ ጥያቄ ቢያንስ 150 ቃል ደብዳቤ ነው። ለጓደኛ ከሆነ «ጌት» ባይኖር ነው የሚያስገርመው፤ «አይ ሆፕ ዩ ጌት በተር ሱን» ብሎ መጻፍ ቃናውን መያዝ ነው። ለአከራይ ቅሬታ ወይም ለአሠሪ ከሆነ ይቀንስ።

የአካዳሚኩ የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ፣ ግራፍ ሲገለጽ፣ «ዘ ነምበር ጎት ቢገር» አይሠራም። «ኢንክሪስድ»፣ «ሮዝ»፣ ሲወርድ «ፌል»፣ «ዲክላይንድ»። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ቢያንስ 250 ቃል የሚጻፍበት ድርሰት ላይ ደግሞ «ጌት ዎርስ» በ«ዎርሰን»፣ «ጌት በተር» በ«ኢምፕሩቭ»፣ «ጌት ሪድ ኦፍ» በ«ኤሊሚኔት» ይተካል። የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ ሩብ ነጥብ አለው። ግን የሚቀነሰው «ጌት» ስለተጻፈ ሳይሆን ድርሰቱ ውስጥ አሥር ጊዜ ተመላልሶ ሌላ ቃል እንደሌለህ ሲያሳይ ነው። ያላወቁትን ከባድ ቃል ተሳስቶ ከመጠቀም አንዲት ቦታዋን የያዘች «ጌት» ትሻላለች።

ሳባ_ማታ፦

የደብዳቤዬን መሐል አስተካክዬዋለሁ፤ አንዴ እዩልኝ፦

«አይ ኧርንድ ማይ ዲግሪ ኢን አካውንቲንግ ኢን ጁላይ 2018። ሲንስ ዜን፣ አይ ሃቭ አኳየርድ ፎር ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ ኢን ፔይሮል። አይ ጎት ማይ ዶክዩመንትስ ኦቴንቲኬትድ። ፕሊዝ ኮንታክት ዊዝ ሚ ኢፍ ዩ ኒድ ኢኒ ፈርዘር ኢንፎርሜሽን።»

ጥቁር ሰሌዳ፦

በጣም ተሻሽሏል። ሁለት ቦታ ብቻ፦

«አይ ጎት ማይ ዶክዩመንትስ ኦቴንቲኬትድ» አደራደሩ ልክ ነው፤ ማስረጃዎቼን አስረጋግጫለሁ ለማለት ግን «አይ ሃቭ ሃድ ማይ ዶክዩመንትስ ኦቴንቲኬትድ» በዪ። ሁለት ጊዜ «ሃቭ» መምጣቱ አያስደንግጥሽ፤ የመጀመሪያዋ ጊዜውን፣ ሁለተኛዋ ማስደረጉን ትይዛለች።

«ኮንታክት» «ዊዝ» አይወስድም። «ፕሊዝ ኮንታክት ሚ»። «ጌት ኢን ታች ዊዝ ሚ» ላይ «ዊዝ» አለ፤ «ኮንታክት» ላይ የለም። ከአማርኛው «ከእኔ ጋር ተገናኙ» ነው የገባብሽ። በዚሁ መንገድ «ጌት ማሪድ ዊዝ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እሱም «ጌት ማሪድ ቱ» ነው፣ «ማሪ» ብቻውን ከሆነ ደግሞ ምንም የለውም፦ «ሺ ማሪድ ኤ ቲቸር»።

አራት_ኪሎ_ማዶ፦

የመጨረሻ ጥያቄ ከእኔ። «ወራጅ አለ!» እንዴት ይባላል? «ጌት ዳውን» ስል ሰዎቹ ጎንበስ ለማለት ይቃጣቸዋል።

ቃል ለቃል፦

ትክክል ናቸው፤ «ጌት ዳውን!» ድንገት ሲጮህ መሬት ያዙ፣ ተኩስ አለ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ከዛፍ ወይም ከመሰላል መውረድም «ጌት ዳውን» ነው፤ ከትራንስፖርት ግን አይደለም።

ውስጡ ቆመህ የምትራመድበት ነገር ሁሉ፣ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ነው። ፈረስና ብስክሌትም ከእነሱ ጋር ይቆጠራሉ፤ ላያቸው ላይ ነው የምትቀመጠው። የቤት መኪናና ላዳ ታክሲ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦፍ»። ሚኒባሱ መሐል ላይ ነው፤ በመሥመር የሚሠራ ስለሆነ «ጌት ኦፍ» ብትል ማንም አያርምህም፤ ጎንበስ ብለህ ስለምትወጣ «ጌት አውት»ም ያስኬዳል።

ለሾፌሩ «አይም ጌቲንግ ኦፍ ሂር፣ ፕሊዝ» ይበቃል። ቢሮ ሪፖርት ላይ «ዘ ፓሴንጀርስ ጎት ኦፍ» ምንም ነውር የለውም።

«አውት»ን አውቶቡስ ላይ አትጠቀም፤ «ጌት አውት!» ብቻውን ሲባል ደግሞ ውጣልኝ፣ ጥፋ ነው፤ ለተሳፋሪ እንዳትለው። ከሥራ መውጣትም በ«ኦፍ» ነው የሚሄደው፦ «አይ ጌት ኦፍ ዎርክ አት ፋይቭ»። በእኛ ሰዓት 11 ላይ ማለት ነው።